«ቫይረስ ገብቶበታል» የተባለ ላፕቶፕ፦ የጥገና ማስታወሻ፣ ጎንደር፣ መስከረም እና ጥቅምት 2018

ማሽኑ ኮር አይ5 ስድስተኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነው። ባትሪው ሞቷል፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ ወይም መብራት ከሄደ ወዲያው ድርግም ይላል። ማራኪ ያለ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ይጠቀምበታል፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ የእድር ጸሐፊ የሆኑት አባታቸው። ትእዛዞችና የፋይል ስሞች እዚህ እንደሚነበቡት ተጽፈዋል፤ ሲተየቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ሲመጣ የተባለው አንድ ቃል ነው፦ «ቫይረስ»። አንድ በአንድ ሲጠየቅ ግን ስድስት ነገር ሆነ። ፋኑ ማንም ሳይነካው ያጓራል። ክሮም የትኛውንም ገጽ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል። ፍላሽ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አዶ) ሆነዋል። የእድሩ የኤክሴል መዝገብ ሲከፈት ማሽኑ ሦስትና አራት ደቂቃ ይደርቃል። በስክሪኑ ቀኝ ጥግ «5 ቫይረስ ተገኝቷል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ሳጥን ብቅ ይላል። የማውዙ ቀስት ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻውን ይሄዳል።

ቀድሞ ያየው ጥገና ቤት «ፎርማት ይደረግ፣ 600 ብር» ብሏል። ፎርማት ከስድስቱ ሦስቱን ቢያጠፋ ነው፤ ፍላሾቹ ሳይጸዱ ከሆነ ደግሞ አንዱ በማግስቱ ተመልሶ ይገባል። ቀሪዎቹን ጭራሽ አይነካቸውም። ፎርማት ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ዛሬ ምንም ነገር አልተሰረዘም፣ ምንም አንቲቫይረስ አልተጫነም። ዋይፋዩ ተዘጋ፤ የሚታየው መልእክት ሁሉ በስልክ ፎቶ ተነሣ። አንቲቫይረስ መጀመሪያ ጠርጎ ከሄደ የትኛው ፋይል ከየት እንደተነሣ መከተል አይቻልም።

በመጀመሪያ የተፈታው የክሮሙ ነው። ከማስጠንቀቂያው ሥር በትንሽ ፊደል «ኧር ሰርት ዴት ኢንቫሊድ» ይላል፤ የቀን ችግር ነው። የማሽኑ ሰዓት ሲታይ ጃንዋሪ 10 ቀን 2018፣ 3:40 ኤኤም። አንድ ሰው መስከረም 10 ቀን 2018 ከጠዋቱ 3:40 የሚለውን እንዳለ አስገብቶታል፤ አንደኛ ወር፣ አሥረኛ ቀን፣ 2018። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 20 ቀን 2025፣ 9:40 ኤኤም ነበር። ድረ ገጾች ማንነታቸውን ለማረጋገጥ የሚያሳዩት ሰርቲፊኬት ዕድሜው እ.ኤ.አ. በ2025 ቢበዛ 398 ቀን ነበር፤ 2018 ላይ ለቆመ ማሽን ዛሬ ያለው ሰርቲፊኬት ሁሉ ገና አልተወለደም። የዊንዶውስ አፕዴትና የዲፌንደር፣ ማለትም ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ አፕዴትም በዚሁ ምክንያት ቆመዋል። ቫይረስ አይደለም፤ ግን ለቫይረስ በሩን ከፍቶ የተወ ነገር ነው።

ዓመቱ ወደ 2025 ተመለሰ፣ ታይም ዞኑ ናይሮቢ ተደረገ፤ ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የለችም፣ ናይሮቢ ያው ሲደመር 3 ነው። ዋይፋዩ ለአፍታ ተከፍቶ ሲሞከር ክሮም ከፈተ፤ ዋይፋዩም ተመልሶ ተዘጋ። ቻርጀሩ ተነቅሎ ሲሰካ ቀኑ ወደ 2015 ተመለሰ። ስለዚህ ሰዎቹ ቀኑን በእጅ የሚያስገቡት ወደው አይደለም፤ የሰዓቷ ባትሪ ሞታለች።

ሰኞ፣ መስከረም 12

የሥሩ ክዳን 11 ብሎን አለው፤ ሁለቱ ከቀሪዎቹ አጭር ናቸው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ኪቦርዱን ከታች ይወጋል፤ ወረቀት ላይ የማሽኑን ቅርጽ ሥሎ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው በፕላስተር መለጠፍ ይበቃል።

ሲአር2032 ባትሪዋ በቴስተር 2.1 ቮልት አለች፤ ጤነኛ ከሆነች 3 ነው። አዲሷ 120 ብር፣ ፒያሳ፣ ሰዓት የሚጠግን ሰው ዘንድ። የዚህ ማሽን ባትሪ በማቀፊያ ላይ ስለሆነች በጥፍር ወጣች። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ግን ሁለት ሽቦ ተበይዶባት በላስቲክ ተጠቅልላ ነው የምትመጣው፤ ያኔ ከነሽቦዋ መግዛት ነው እንጂ ባትሪ ላይ በቀጥታ መበየድ አይገባም።

ፋኑ አቧራ ጠጥቷል፤ ይታያል። ዛሬ ግን አልተነካም። የሚያጓራው በአቧራ ነው ወይስ በሥራ ብዛት የሚለው ሳይለካ ከተጠረገ መልሱ ይጠፋል። 11 ብሎን ሁለተኛ ጊዜ መፍታት ይሻላል።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

ታስክ ማናጀር፣ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው መስኮት፣ ሲከፈት ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) 4 በመቶ። ፋኑም ከደቂቃ በኋላ ይረጋጋል። ሲዘጋ ያጓራል። ይሄ መጥፎ ምልክት ነው፤ ታስክ ማናጀር መከፈቱን እያየ የሚደበቅ ፕሮግራም አለ ማለት ነው።

ስለዚህ መስኮት በማይከፍት መለኪያ መለካት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ውስጥ ታይፕፐርፍ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ በየ5 ሰከንዱ 360 ጊዜ ለክቶ ወደ ፋይል እንዲጽፍ ታዘዘ፣ ሠላሳ ደቂቃ ማለት ነው። ውጤቱ 3 በመቶ ሆኖ አረፈው። ግማሽ ሰዓት በከንቱ። ስሕተቱ ግልጽ ነበር፤ ዋይፋዩ ከቅዳሜ ጀምሮ ዝግ ነው። ተደብቆ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍር ፕሮግራም፣ ማይነር የሚባለው፣ ከሆነ ከሰርቨሩ ሥራ ካልተሰጠው ዝም ብሎ ይጠብቃል።

በስልክ ሆትስፖት ለ40 ደቂቃ ብቻ ተገናኘ፤ ከዚያ በፊት ከኢሜይልና ከቴሌግራም አካውንቶች ሁሉ ተወጣ። አሁን ቁጥሩ ከ91 እስከ 96 በመቶ። በ12ኛው ደቂቃ ሆን ተብሎ ታስክ ማናጀር ተከፈተ፤ ፋይሉ ላይ ቁጥሩ ወደ 5 ወረደ። ተዘጋ፤ በ20 ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ ወጣ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አይፈለግም።

ማንነቱን ለማግኘት ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር፤ በነጻ የሚገኘው የሲስኢንተርናልስ መሣሪያ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የማይክሮሶፍት። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ይሄንንም በስሙ ስለሚያውቁት የፋይሉ ስም «እድር» ተብሎ ተቀየረ። ሠራ። «ኤስቪሲ ሆስት» የሚባል ፕሮሰስ ሲፒዩውን ይዞታል። ስሙ የዊንዶውስ ነው፤ ሦስት ነገሩ ግን የዊንዶውስ አይደለም። እውነተኛው የሚቀመጠው ሲስተም32 ውስጥ ሲሆን ይሄኛው አፕዳታ ሮሚንግ ውስጥ ነው። እውነተኛው የሚነሣው ሰርቪስስ ከሚባለው ፕሮሰስ ሥር ነው፤ ይሄኛው ወላጁ ፓወርሼል፣ የዊንዶውስ የትእዛዝ መስጫ ፕሮግራም፣ ነው። ዲጂታል ፊርማም የለውም። የኢንተርኔት ግንኙነቶችን የሚዘረዝረው ኔትስታት የሚባል ትእዛዝ በ«-ኤኤንኦ» ሲታይ ያው የፕሮሰስ ቁጥር ውጭ ካለ ሰርቨር ጋር በፖርት 3333 ተገናኝቷል፤ የማይኒንግ ፑሎች፣ ማለትም ለክሪፕቶ ቆፋሪዎች ሥራ የሚያከፋፍሉ ሰርቨሮች፣ የሚያዘወትሩት ፖርት ነው።

ሆትስፖቱ ተዘጋ። ፋኑ ቀነሰ፤ ግን ሙሉ በሙሉ ዝም አላለም። ይሄ ለኋላ ተያዘ።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

መጀመሪያ የተደረገው የተሳሳተ ነበር፦ ፕሮሰሱን መግደል፣ ፋይሉን መሰረዝ፣ ሪስታርት። ማሽኑ ሲነሣ ፋይሉ በቦታው አለ። ሥሩ ሳይነካ ቅጠሉ ነው የተቆረጠው።

ሥሩን ኦቶረንስ አሳየ፤ ያው የሲስኢንተርናልስ ነው፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሣውን ሁሉ ይዘረዝራል። «የማይክሮሶፍትን ደብቅ» ሲባል ዝርዝሩ ከመቶ በላይ ከነበረው ወደ 19 ወረደ። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ናቸው የታመሙት። አንደኛው በስኬጁልድ ታስክ (በቀጠሮ በሚነሣ ሥራ) የተቀመጠ፣ ተጠቃሚ ሲገባና በየ30 ደቂቃው ፓወርሼልን የሚያስነሣ፤ የተሰረዘውን ፋይል የሚመልሰው እሱ ነው። ሁለተኛው በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንግ መዝገብ) «ረን» ቁልፍ ውስጥ የተቀመጠ፣ የዊንዶውስ ስክሪፕት አስኪያጅ የሆነውን ደብሊውስክሪፕትን ጠርቶ አንድ የቪቢኤስ (የስክሪፕት) ፋይል የሚያስሄድ፤ እሱ የሾርትከቱ ጌታ ነው። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች፣ አንድ ማሽን ላይ።

ዲፌንደር ለምን ዝም አለ? ኤክስክሉዥን የሚለው ዝርዝር ውስጥ ሲ ድራይቭ በሙሉ ገብቷል። «አትይ» ተብላለች፤ አላየችም። ይሄን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ክራክ፣ ያለ ላይሰንስ አክቲቬት የሚያደርገው ፕሮግራም፣ ነው፤ ሲጫን «አንቲቫይረስ አጥፉ» ይላል፣ ወይም ራሱ ኤክስክሉዥኑን ይጽፋል። ዳውንሎድስ ውስጥ አክቲቬተሩ ከነማብራሪያው ተገኘ።

እዚህ ላይ ነው የሚያናድደው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ከዊንዶውስ ጋር የተሸጡ ላፕቶፖች በአብዛኛው የላይሰንስ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ውስጥ ተጽፎ ነው የሚመጡት። በፓወርሼል የሶፍትዌር ላይሰንሲንግ ሰርቪስን ጠርቶ «ኦኤ3ኤክስ ኦሪጂናል ፕሮዳክት ኪ» የሚለውን መስመር ማንበብ ይቻላል። ሲነበብ 25 ፊደል ሙሉ ቁልፍ አለ፤ የዊንዶውስ ሆም። ማሽኑ ሕጋዊ ዊንዶውስ በሆዱ ይዞ ሳለ አንድ ሰው ፕሮ ጭኖ በክራክ አስነሥቶታል። ክራኩ ከነጭራሹ አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ በትክክለኛው ቅደም ተከተል፦ ኢንተርኔት ዝግ። በፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ፓወርሼሉም፣ ሐሰተኛው ሆስትም፣ ደብሊውስክሪፕቱም ሰስፔንድ ተደረጉ፣ አልተገደሉም፤ አንዱ ሲሞት ሌላው የሚያስነሣው ከሆነ ሁሉንም ማደንዘዝ ይቀድማል። ከዚያ ታስኩና የረን መስመሩ ተነሡ፣ ፋይሎቹ ተሰረዙ፣ ኤክስክሉዥኑ ተነሣ፣ ሪስታርት። አልተመለሱም።

የዲፌንደር አፕዴት በሌላ ኮምፒውተር ወርዶ በኤስዲ ካርድ ገባ። ኤስዲ ካርድ የሆነበት ምክንያት ጎኑ ላይ ያለው የመቆለፊያ ማንሸራተቻ ነው፤ ካርድ ማንበቢያው ስለሚያከብረው ማሽኑ ምንም አይጽፍበትም። ፍላሽ ቢሆን ታሞ ይወጣ ነበር። ከዚያ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን፦ ዊንዶውስ ሳይነሣ ነው የሚፈትሸው። ሦስት ግኝት፦ ኮይንማይነር (ክሪፕቶ ቆፋሪው)፣ ኦቶ ኬኤምኤስ የሚባለው ሃክቱል (ክራኩ)፣ ጄንክስከስ የሚባለው የቪቢኤስ ዎርም፣ ማለትም ራሱን እያባዛ ከማሽን ወደ ማሽን የሚሄድ ቫይረስ። የመጨረሻው ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ ፎልደር ደብቆ ሾርትከት ከማስቀመጥ ሌላ ከውጭ ትእዛዝ መቀበልም ይችላል። ማይነሩ መብራትና ፋን ነው የሚበላው። ይሄኛው የፓስወርድ ጉዳይ ነው።

ፓስወርዶቹ ማታውኑ ከንጹሕ ስልክ ተቀየሩ፤ መጀመሪያ ኢሜይል፣ ምክንያቱም የሌላው ሁሉ ማደሻ እሱ ጋ ይመጣል። ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብቶ ከስልኩ በቀር ሌላው ሁሉ እንዲወጣ ተደረገ። በታመመው ማሽን ላይ ፓስወርድ መቀየር አዲሱንም አሳልፎ መስጠት ነው።

መቼ እንደገባ ለማወቅ ተሞክሮ ነበር። ሰዓቱ 2015 እና 2018 መካከል ሲዋልል ስለከረመ የፋይሎቹ ቀን ምንም አይነግርም። ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ክስተት ሬከርድ አይዲ የሚባል ተራ ቁጥር አለው፤ ቀኑ ቢዘልም ቁጥሩ አይዘልም። በዚያ ተራ ሲታይ የዲፌንደር ሴቲንግ የተቀየረው አክቲቬተሩ በሄደበት ዕለት ነው፤ ዎርሙ ከዚያ በኋላ ነው የገባው። ክራኩ ጠባቂውን አሰናበተ፣ ፍላሹ ሰተት ብሎ ገባ።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

የኤክሴሉ መድረቅ አልቀረም። ሲፒዩ 6 በመቶ ሆኖ ዲስክ 100 በመቶ። የዲስክን ጤና የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ቢጫ (ማስጠንቀቂያ) አሳየ፦ ሲ5፣ ማለትም ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር፣ 16። ዲስኩ ማንበብ ያቃተው 16 ቦታ አለ፤ የእድሩ መዝገብ እዚያ ላይ ሳይቀመጥ አይቀርም። ኢቨንት ቪወር ውስጥ ደግሞ ከርነል ፓወር 41 በብዛት አለ፤ መብራት ሲሄድ በድንገት የጠፋበት ሁሉ ተመዝግቧል። ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ እየጻፈ ሳለ ሲጠፋ እንዲህ ነው የሚሆነው።

እዚህ ላይ የዊንዶውስን ዲስክ ጠጋኝ ትእዛዝ፣ ቼክዲስክን፣ ማስሄድ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። በሚሞት ዲስክ ላይ ግን ዳታው ሳይወጣ ማስሄድ ስሕተት ነው፤ ዲስኩን ሰዓታት ያስለፋዋል፣ ፋይልም ሊቆራርጥ ይችላል። መጀመሪያ ኮፒ።

ሊኑክስ ሚንት፣ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራ ነጻ ሲስተም፣ ከፍላሽ ተነሣ። ተውሶ የመጣ 1 ቴራ ውጫዊ ዲስክ ተሰካ። ዲዲረስኪው የሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን ከላይ እስከ ታች ይገለብጣል፤ የማይነበበውን ዘሎ ደህናውን አስቀድሞ ያወጣል፣ የት እንደደረሰ ደግሞ በማፕ ፋይል ይይዛል። በመጀመሪያው ዙር «-ኤን» ተብሎ የታመመው ቦታ እንዳይፋቅ ተደረገ።

61 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ማፕ ፋይሉ የት ነው? ሊኑክሱ ከፍላሽ ሲነሣ ዴስክቶፑ ራም ላይ ነው ያለው፤ እዚያ ነበር የተቀመጠው። ጠፋ። አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሥራ ከነማስታወሻው ሄደ፤ የሚደክም ዲስክ እንደገና ከመጀመሪያው። ማፕ ፋይሉ መቀመጥ ያለበት ኢሜጁ (የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ) ባለበት ውጫዊ ዲስክ ላይ ነው። ሁለተኛው ሙከራ ሌሊት ተጀመረ፤ መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ መስጠት በቂ ሆነ፣ ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ «-አር3» ተብሎ የታመመው ሦስት ጊዜ ተሞከረ። በመጨረሻ ያልተነበበው 4 ኪሎባይት ብቻ ነው። የእድሩ መዝገብ ሙሉ ነው።

ሊኑክሱ ላይ ሳለ ሌላ ነገር ታየ፦ የማውዙ ቀስት እዚያም ብቻውን ሄደ። ዊንዶውስ በሌለበት ከሄደ ከርቀት የሚነካው ሰው የለም፤ ሃርድዌር ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

መስቀል። ሥራ የለም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ሙቀት። ማይነሩ ከወጣ በኋላም ቪዲዮ ሲከፈት የሲፒዩን ሙቀት የሚለካው ኮር ቴምፕ 97 ዲግሪ ያሳያል፣ ሲፒዩውም ራሱን ያዘገያል። አሥራ አንዱ ብሎን እንደገና።

የሙቀት መበተኛው ክንፎች መሐል እንደ ስስ ምንጣፍ የሆነ ነገር ተገኘ። ደረቅ አቧራ ብቻ ቢሆን በብሩሽ ይወጣል፤ ይሄ የከሰልና የዕጣን ጭስ የያዘው ስለሆነ ተጣብቋል። ላፕቶፑ የሚቀመጠው ቡና ከሚፈላበት ጥግ ነው። ፋኑ በጣት ተይዞ ነው የሚነፋው፤ አየር ሲያሽከረክረው ከፍጥነቱ በላይ ይዞርና መሸከሚያው ይጎዳል። ከሲፒዩው ወደ መበተኛው ሙቀት የሚያስተላልፈው አሮጌው ቴርማል ፔስት እንደ ኖራ ደርቋል። የተጠረገው በፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ነው፣ 150 ብር፤ ውኃ ስላለው ሩብ ሰዓት ይደረቅ። ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፣ ግሊሰሪን ትቶ ይሄዳል። አዲስ ፔስት 450 ብር፤ ከምስር ፍሬ ጥቂት የበለጠ፣ መሐል ላይ። ሲበዛ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ብሎኖቹ ሰያፍ ለሰያፍ ይጠብቃሉ።

ውጤት፦ በዚያው ቪዲዮ 74 ዲግሪ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፋን ያነሰ ሙቀት ነው ይዞ የሚወጣው። ስለዚህ ዝቅ ያለ አገር ላይ የሚታገሡት አቧራ እዚህ ቶሎ ያስቸግራል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

አሁን ፎርማት። ዎርሙ ስንት ጊዜ እንደቆየ አይታወቅም፣ ዲስኩም እየሞተ ነው፤ አሮጌውን ዊንዶውስ ማመን የሚያበቃ ነገር የለም። 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) 4,200 ብር።

ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት ገጽ በሚዲያ ክሪኤሽን ቱል፣ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ። ፍላሹ የተሠራው በንጹሕ ማሽን ነው። ሲጫን ቁልፍ በእጅ አልተጻፈም፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ በባዮሱ ቁልፍ ራሱ አክቲቬት ሆነ። ዜሮ ብር፣ ዜሮ ክራክ።

ፋይሎቹ ከኢሜጁ የወጡት በሊኑክስ፣ ለማንበብ ብቻ በተከፈተ። የተመለሱት ዶክመንት፣ ፎቶ፣ ፒዲኤፍና ኤክሴል ብቻ ናቸው። ኢኤክስኢ፣ ቪቢኤስ፣ ኤልኤንኬ፣ ማክሮ ያለው ዎርድ አልተመለሰም። «የታወቁ ኤክስቴንሽኖችን ደብቅ» የሚለውም ጠፋ፤ ካልጠፋ «ፎቶ.ጄፒጂ.ኢኤክስኢ» የሚለው «ፎቶ.ጄፒጂ» ብቻ ሆኖ ይታያል።

ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት በሬጂስትሪ ተዘጋ፣ «ኢኔብልድ» ዜሮ። እዚህ ቤት ቪቢኤስ የሚፈልግ የለም። ችኮላ ግን ነበረበት፦ አክቲቬሽኑን ለማረጋገጥ ኤስኤልኤምጂአር የሚባለው ትእዛዝ ሲጠራ «በዚህ ማሽን ላይ ተዘግቷል» አለ። ያ ትእዛዝ ራሱ የቪቢኤስ ፋይል ነው። ከሴቲንግስ ውስጥ ታየ፣ አክቲቭ ነው።

የ«5 ቫይረስ ተገኝቷል» ሳጥንም ደቂቃ አልፈጀም። ቫይረስ ሳይሆን የክሮም ኖቲፊኬሽን ነው፤ አንድ የኳስ ማሳያና አንድ የፈተና መልስ የሚለጥፍ ገጽ «አላው» ተብሎላቸዋል። ፈቃዱ የተሰጠው አሮጌው ዊንዶውስ ላይ ስለነበር አብሮት ቀረ።  አዲሱ ላይ እንዳይመለስ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ ሁሉም ገጽ እንዳይጠይቅ ተዘጋ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ስልክ ተደወለ፦ «ተመልሶ መጣ፣ የእድሩ ደንብ በሙሉ ተበላሽቷል።» ዎርድ ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። በዎርሙ ጊዜ ያልተነካ ፋይል አሁን ለምን? ፎንቱ ሲታይ ከድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች አንዱ ነው። ኢትዮጵያዊው ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ኮድ የሚሰጠው መለኪያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ የላቲን ፊደል ኮድ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በማልበስ ነበር የሚጻፈው። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቃል። አሮጌው ዊንዶውስ ላይ ፎንቱ ስለነበር ማንም አላስተዋለም።

ፎንቱ ከኢሜጁ ውስጥ ከፎንትስ ፎልደር ወጥቶ ተጫነ፣ ደንቡ ተነበበ። ወዲያው ፒዲኤፍ ተደረገ፤ የቆየ መፍትሔው ግን ደንቡን በዩኒኮድ ዳግም መጻፍ ነው። 14 ገጽ። የ11ኛ ክፍሉ ተማሪ ተሰጠው፣ ደስ አላለውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ያበቃል። ስድስተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ለኢንቴል ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ነው የሚጀምረው። በጎን መንገድ ማስገባት ይቻላል፣ ለሌላ ሰው ማሽን ግን አይመከርም። ለቤት ተጠቃሚ የተራዘመ የሴኩሪቲ አፕዴት አለ፣ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026። ዊንዶውሱ 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ስሪት መሆን አለበት፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የሴቲንግ ባክአፕ ሲበራ ያለ ክፍያ ይመዘገባል። አፕዴት ገጹ ላይ «ኢንሮል ናው» የሚለው ተጫነ፣ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ሊኑክስ ሚንት ይገባል፤ አማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ደንቡም እስከዚያ በዩኒኮድ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የማውዙ ቀስት። ተችፓዱ ተዘግቶ በዩኤስቢ ማውዝ ሁለት ቀን ታየ፣ አንድ ጊዜም አልሄደም። ስለዚህ ተችፓዱ ነው፤ ግን ተበላሽቶ ነው ወይስ ተረብሾ? ባትሪ ስለሌለው ቻርጀር ነቅሎ መሞከር አይቻልም። በሌላ ክፍል ኧርዝ ያለው ሶኬት ላይ በቀጥታ ተሰካ፤ ቀስቱ ቆመ። የተለመደው ዲቫይደር ኧርዝ የለውም፤ የቻርጀሩ ረብሻ መውጫ አጥቶ ተችፓዱ እንደ ጣት ይቆጥረዋል። ብረቱ ሲነካ ቅርር ይል ነበር ብለዋል፣ ስላልተጠየቁ ግን አልተናገሩም። ኧርዝ ያለው ዲቫይደር 650 ብር። እስካሁን የወጣው 5,570።

ፍላሾች። አራቱ በሊኑክስ ተከፈቱ፤ እዚያ ቪቢኤሱም ሾርትከቱም አይነሣም። ሦስቱ ታመዋል። አንዱ ላይ 14 ሾርትከት፣ አንድ የቪቢኤስ ፋይል፣ እውነተኞቹ ፎልደሮች ደግሞ ተደብቀው። ሾርትከቱ ሲጫን መጀመሪያ ስክሪፕቱን ያስሄዳል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል፤ ሰውየው ፋይሉን ስላገኘ ምንም አይጠረጥርም። ሌላው ላይ ሁሉም ነገር ስም የለሽ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ገብቷል፤ ስሙ አንድ የማይታይ ባዶ ቦታ ነው።

ሾርትከቶቹና ስክሪፕቱ ተሰረዙ። ድብቁ በዊንዶውስ የሚወጣው «አትሪብ -ኤች -አር -ኤስ /ኤስ /ዲ» በሚለው ነው። ብዙ ሰው ይሄን ትእዛዝ ሰጥቶ «ቫይረሱን አጠፋሁ» ይላል። የሚያደርገው መግለጥ ብቻ ነው፤ ማሽኑ የታመመ ከሆነ በሰከንዶች ውስጥ ይደብቃቸዋል። «ኦቶረን» የሚል ፎልደር ፍላሽ ላይ መፍጠርም አሁን አይረባም፤ ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፍላሽ በዚያ መንገድ አይነሣም፣ ይሄ ዎርም የሚነሣው በሰው ክሊክ ነው።

የሚታተም ነገር ከእንግዲህ በፍላሽ አይሄድም። ፒዲኤፍ ሆኖ በቴሌግራም ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ይላካል። ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮፒ ቤቶች የሚመለስ ፍላሽ በመጀመሪያ በሊኑክስ ይከፈታል።

አምስተኛው ፍላሽ አልተገኘም። ለክፍል ጓደኛ በውሰት ተሰጥቷል፣ ጓደኛው ደግሞ ለጥምቀት ካልሆነ አይመጣም፤ ደብረ ታቦር ነው። ሲመለስ እንዳይሰካ በቀይ እስኪርቢቶ ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል።